ድልድይ የሚታየው ከሥር ነው፦ ስለ አውራ ጎዳና ድልድዮች ፍተሻና ስለ መሣሪያዎቹ

እንደምን ዋላችሁ። አብዛኞቻችሁ በመንገድ ጥገና ላይ የምትሠሩ ባለሙያዎች ስለሆናችሁ ድልድይ ምን እንደሆነ በማስረዳት ጊዜያችሁን አልወስድም፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ድልድይን በመኪና ተሻግሮ፣ ጫፉ ላይ ቆሞ ሁለት ፎቶ አንስቶ፣ ቅጹ ላይ «ደህና ነው» ብሎ መፈረም ፍተሻ አይባልም። ይህን አጥብቄ የምናገረው የሰው ሕይወት ስላለበት ነው። ድልድይ መታመም የሚጀምረው መንገደኛ በማያየው ቦታ ነው፦ ውኃ ውስጥ ባለው መሠረት፣ ገርደሩ (ወለሉን የሚሸከመው ረጅም አግዳሚ) ግንቡ ላይ በሚያርፍባት ጠባብ ክፍተት፣ አፈርና ቅጠል በሞላው ማዕዘን። ስለ መሣሪያ ሲነሳም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «እጄንና ዓይኔን እዚያ ቦታ ያደርስልኛል ወይ?» የሚለው ነው። ዋጋውና ዘመናዊነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በብዙ ሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1967 ዌስት ቨርጂኒያንና ኦሃዮን የሚያገናኘው ሲልቨር ብሪጅ መኪና እንደሞላበት ኦሃዮ ወንዝ ውስጥ ወደቀና 46 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ ድልድዩን አንጠልጥለው ከያዙት የብረት ዘንጎች በአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ የነበረ፣ ጥልቀቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስንጥቅ ነበር። በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ ሁለት ዘንግ ብቻ ስለነበር አንዱ ሲበጠስ ሸክሙን የሚረከብ አልተገኘም። ከዚያ አደጋ በኋላ በ1971 አገር አቀፍ የድልድይ ፍተሻ መስፈርት ወጣ፤ የመደበኛው ፍተሻ ልክም 24 ወር ሆነ። ዛሬ በዚያ አገር አንዱ ብቻውን ቢበጠስ ድልድዩን ይዞት ሊወድቅ የሚችል የብረት አካል «በክንድ ርቀት» መታየት አለበት ይባላል። ፈታሹ ሊዳስሰው፣ ሊቦርሸውና ሊያንኳኳው በሚችልበት ቅርበት ማለት ነው። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ የቀረው ንግግሬ በሙሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው።

በቦርሳው ልጀምር። መሠረታዊው የፍተሻ ዕቃ አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄደው ነው። ግማሽ ኪሎ የሚሆን መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ መፋቂያ፣ ኃይለኛ የእጅ ባትሪ፣ የ5 እና የ50 ሜትር ሜትሮች፣ ቱንቢ፣ ውኃ ልክ፣ ካሊፐር፣ የስንጥቅ ስፋት መለኪያ ካርድ፣ ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር፣ ረጅም እጀታ ያለው ትንሽ መስታወት፣ ጠመኔና የማይለቅ ቀለም፣ ቴርሞሜትር፣ ካሜራ። በዚህ ላይ ገጀራና አካፋ ይጨመር። ብዙ ጊዜ የገርደሩ ጫፍ በአፈር ተቀብሮ፣ ግንቡ በቁጥቋጦ ተሸፍኖ ነው የሚገኘው፤ ያንን ሳያጸዳ የፈተሸ ሰው ያየው ቁጥቋጦውን ነው።

የላይኛውን ክፍል በፍጥነት እናልፈዋለን፤ ማለፍም ይቻላል። ወለሉ ላይ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ ውኃ ወዴት ይሄዳል? መጋጠሚያዎቹስ ይንቀሳቀሳሉ? ሃያ ሜትር ርዝመት ያለው የአርማታ ስፓን፣ ማለትም በሁለት ማረፊያዎች መካከል ያለው የድልድዩ ክፍል፣ የሙቀቱ መጠን በ20 ዲግሪ ሲለወጥ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ መቶ ሜትር የሆነው 24 ሚሊ ሜትር። ይህን እንቅስቃሴ የሚያስተናግደው መጋጠሚያ በጠጠር ከተደፈነ ወይም አዲስ አስፋልት ከተነጠፈበት ግፊቱ ወደ ግንቡ ይሄዳል፤ ግንቡ ላይ ስንጥቅ ታያላችሁ፣ ሰበቡ ግን እላይ ነው። ክፍተቱን ስትለኩ የዕለቱን ሙቀት አብራችሁ ጻፉ፤ ያለ ሙቀት የተጻፈ ልኬት ከሚቀጥለው ዓመት ጋር ሊወዳደር አይችልም።

የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎችን በአስፋልት መድፈን በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። በአሜሪካ ኮነቲከት እ.ኤ.አ. በ1983 የወደቀው፣ ሚያነስ (Mianus) በሚባል ወንዝ ላይ የነበረው ድልድይ ከመውደቁ ከአሥር ዓመት በፊት መውረጃዎቹ በአስፋልት ተሸፍነው ነበር። ውኃው መሄጃ ሲያጣ በመጋጠሚያው በኩል ገርደሩን አንጠልጥለው ወደያዙት ፒንና ማንጠልጠያ ወረደ፤ በመካከል የተጠራቀመው ዝገት እያበጠ ማንጠልጠያውን ከፒኑ ላይ ገፍቶ አወጣው። ሦስት ሰው ሞተ። ዝገት ከበላው ብረት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ እንደሚይዝ ማስታወስ ይበቃል፤ አርማታን ከውስጥ የሚፈነቅለውም ይኸው ጉልበት ነው።

አሁን ወደ ሥር እንውረድ። ገርደር ሲፈተሽ ከጫፉ ጀምሩ፤ መጋጠሚያ ከበላዩ ስላለ መጀመሪያ የሚረጥበው እሱ ነው። ቤሪንጉ (ገርደሩ የሚያርፍበት ትራስ) ላስቲክ ከሆነ ጎኑ ላይ ስንጥቅ አለ? ከመጠን በላይ አብጧል? ከቦታው ተንሸራቷል? ገርደሩ በሙሉ ፊቱ ተቀምጦበታል ወይስ በአንድ ጠርዝ ብቻ? እጅ በማይገባበት ቦታ ያቺን ረጅም እጀታ ያላትን መስታወት አስገብታችሁ በባትሪ አብሩባት።

ከዚያ መዶሻው ይመጣል። ጤነኛ አርማታ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ መዶሻውም እጅ ላይ ይነጥራል። ከፌሮው ተላቅቆ የተነሳ አርማታ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ መዶሻውም ይፈዛል። ድምፁ የሚለወጥበትን ድንበር በጠመኔ እያከበባችሁ ሂዱና ስፋቱን ለኩ። አንድ ሰው ቢመታና ሌላው ቢያዳምጥ ይሻላል። ወለል ላይ ለዚሁ ሰንሰለት ይጎተታል፤ አስፋልት የለበሰ ወለል ላይ ግን የሰንሰለቱ ድምፅ ብዙም አይታመንም። ከላይ አስፋልት ካለ ከሥር የሚታየውን ነጭ የኖራ ልብጥና ቡናማ የዝገት እንባ ተመልከቱ። ነጩ ውኃ አርማታውን ሰንጥቆ እንደሚያልፍ፣ ቡናማው ደግሞ ፌሮው ላይ እንደደረሰ ይናገራል።

ስለ ስንጥቅ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ስፋቱን እንፈራለን፤ ቦታውና አቅጣጫው ግን ከስፋቱ በፊት መታየት አለባቸው። በስፓኑ መካከል ከገርደሩ ሆድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ቀጭን ስንጥቅ በአርማታ ገርደር ላይ የሚጠበቅ ነው፤ ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነና ካልተለወጠ በክትትል ይያዛል። ከማረፊያው አጠገብ ተነስቶ ወደ መካከል በ45 ዲግሪ ገደማ የሚያጋድል ስንጥቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያ የሸር፣ ማለትም ገርደሩን ለመቁረጥ የሚገፋው ኃይል፣ ስንጥቅ ነው፤ የሸር ውድቀት ደግሞ ብዙ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በፌሮው አቅጣጫ ተዘርግቶ የሚሄድ ስንጥቅ ዝገትን ያመለክታል። ስንጥቁ ሕያው መሆኑን ለማወቅ ጫፎቹን በቀለም ምልክት አድርጉና ቀን ጻፉባቸው፤ ቀጭን መስታወት በጂፕሰም አሻግራችሁ ብትለጥፉበትም ሲንቀሳቀስ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ከባድ መኪና ሲያልፍ ከሥሩ ቆሞ ስንጥቁን በመነጽር ማየት ደግሞ ብዙ ያስተምራል፦ የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ በዓይን ይታያል።

ብረት ላይ ስንመጣ ቀለም ከሥሩ ያለውን ይደብቃል፤ ሆኖም ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በቀለሙ ላይ የዝገት መስመር ጥሎ ይወጣል። በተለይ የብየዳ መጨረሻዎችን፣ የቡሎን ቀዳዳ ዙሪያንና ውኃ የሚያቁሩ ማዕዘኖችን እዩ። ጥርጣሬ ሲኖር ርካሹና አስተማማኙ መንገድ ሰርጎ ገብ ቀለም ነው። አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀለሙንና ዝገቱን አንስታችሁ ብረቱን በማጽጃ ፈሳሽ ታጸዳላችሁ፤ እስኪደርቅ ትጠብቃላችሁ። ቀዩን ፈሳሽ ትረጩና ቢያንስ 10 ደቂቃ ታቆዩታላችሁ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎም ማጽጃ በነካው ጨርቅ ትጠርጋላችሁ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ማጽጃውን በቀጥታ ብረቱ ላይ ይረጨዋል፤ በዚያ ጊዜ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ቀይ ታጥቦ ይወጣና ምርመራው «ንጹህ» ይላል። በመጨረሻ ነጩን ገላጭ በስሱ ትነፋላችሁ። ስንጥቅ ካለ በነጩ ላይ ቀይ ክር ሆኖ ይወጣል። በሐሩር ቦታ እኩለ ቀን ላይ ብረቱ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ሥራውን ለጠዋት አቆዩት፤ ፈሳሹ ሳይሰርግ ይደርቃል።

የሳሳውን ብረት ለመለካት የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ አለ። ከአንድ ጎን ብቻ መድረስ በሚቻልበት ቦታ አማራጭ የለውም። ውፍረቱ በሚታወቅ ብረት ላይ አስተካክሉት፤ የሚለካውን ቦታ እስኪያበራ ፍቁት፤ ጄል ቀቡት። እዚያው ላሜራ ላይ ያልተበላ ቦታ ለክታችሁ አወዳድሩ። 12 ሚሊ ሜትር የነበረው 9 ካሳየ ሩቡ ሄዷል፤ ያ ቁጥር በቀጥታ ለመሸከም አቅም ስሌት ይላካል።

በአገራችን በጊዜያዊነት ተተክለው ለዓመታት የሚያገለግሉ፣ ከብረት ፓኔሎች የሚገጣጠሙ ቤይሊ ድልድዮች አሉ። እነሱ ላይ ፍተሻው ቆጠራ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ፓኔል 3.05 ሜትር ነው፤ ፓኔል ከፓኔል የሚያያዘው ከላይና ከታች በሚገባ ፒን ሲሆን ፒኑ እንዳይወጣ በጫፉ ትንሽ መቆለፊያ አለው። እያንዳንዱን ፒንና እያንዳንዱን መቆለፊያ በእጃችሁ እየነካችሁ ቁጠሩ። መቆለፊያው የጠፋ ፒን በመኪና ንዝረት ቀስ በቀስ ይወጣል። ቡሎን ይላላል፣ ይሰረቃልም፤ ስለዚህ መለዋወጫ ፒን፣ መቆለፊያና ቡሎን ይዞ ያልሄደ ቡድን ጉድለቱን እያየ ትቶት ሊመለስ ነው።

ወንዙ ላይ ግን ረዘም አድርጌ መቆም እፈልጋለሁ፤ ድልድይን ከምንም በላይ የሚጥለው ውኃ ነውና። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1987 በኒው ዮርክ የሾሃሪ ወንዝ ድልድይ በጎርፍ ጊዜ ወድቆ አሥር ሰዎች ሞቱ። ወለሉና ገርደሮቹ አልነበሩም ያጠፉት፤ ከምሰሶው መሠረት ሥር ያለውን አፈር ውኃው ጠርጎ ወስዶት ነበር። መሠረቱን እንዲጠብቅ የተደረደረው ድንጋይ በየጊዜው በጎርፍ ሲሄድ አልተተካም፤ ውኃ ውስጥ ወርዶ ያየው ሰውም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው በአሜሪካ ውኃ ውስጥ ያለ መሠረት ቢበዛ በየ60 ወሩ እንዲፈተሽ ግዴታ የሆነው።

የሽርሸራን፣ ማለትም ውኃ የመሠረትን አፈር ጠርጎ የመውሰዱን፣ ተንኮል ልብ በሉ። ጎርፉ በኃይል በሚወርድበት ሰዓት በምሰሶው አፍንጫ፣ ማለትም ወንዙ በሚመጣበት በኩል፣ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጎርፉ ሲረጋ ያመጣውን አሸዋና ደለል እዚያው ጉድጓድ ውስጥ መልሶ ያስቀምጣል። በጥቅምት የሚሄድ ፈታሽ የሚያየው ሜዳ የሆነ አሸዋ ነው፤ ምንም ያልተነካ ይመስላል። ያ አሸዋ ግን ልቅ ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት የመጀመሪያው ጎርፍ ያነሳዋል። ይህን የሚያጋልጠው መሣሪያ ከሁሉም ርካሹ ነው፦ ሦስት ሜትር የሆነ 16 ቁጥር ፌሮ፣ ጫፉ ሾል ያለ፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት የተደረገበት። በምሰሶው ዙሪያ በየግማሽ ሜትሩ ውጉት። ነባሩ መሬት ይመልሰዋል፤ አዲስ የሞላው አሸዋ ግን በእጅ ግፊት ብቻ እየዋጠው ይሄዳል። የሰመጠበትን ጥልቀት ጻፉ፤ እውነተኛው ጉድጓድ ያ ነው። መሠረቱ ከተጋለጠ ከፍታውን ለኩ፤ ከሥሩ ተቦርቡሮ ከሆነም ፌሮውን አግድም ገፍታችሁ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደገባ መዝግቡ።

ከዚያ የወንዙ ወለል ይለካል። ክብደት የታሰረበት ሜትር ከእጅ መደገፊያው አናት ወደ ታች ይለቀቃል፤ በእያንዳንዱ ስፓን ቢያንስ አምስት ቦታ፣ ወንዙ በሚመጣበትም በሚሄድበትም በኩል። የምትለኩበትን ነጥብ መደገፊያው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ በሚመጣው ዓመት ሌላ ሰውም ቢሆን እዚያው ነጥብ ላይ እንዲለካ። ሁለቱ ዓመታት በአንድ ወረቀት ላይ ሲሳሉ መስመሩ በሙሉ ወደ ታች ከወረደ ችግሩ የምሰሶው ብቻ አይደለም፤ ወንዙ ራሱ እየወረደ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በእግራችሁ ሂዱ። ብዙውን ጊዜ ከታች በኩል አሸዋ የሚያወጡ መኪናዎች ታገኛላችሁ። ወንዝ የተወሰደበትን አሸዋ የሚተካው ከላይ ቆርሶ ነው፤ የሚቆርሰው ደግሞ የድልድያችንን መሠረት ነው። ይህን የሚያስቆም ደብዳቤ ወረዳው እንዲጽፍ ማድረግ ከማንኛውም ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ይረክሳል።

ምሰሶ ላይ የተጠመጠመ ግንድና ቅርንጫፍ ምሰሶውን ለውኃው ወፍራም ያደርግበታል፤ ጉድጓዱም በዚያው ልክ ይጠልቃል። ከክረምት በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ መነሳት አለበት። በግንቦትና በጥቅምት ሁለት ጊዜ መሄድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፦ አንዱ ለማጽዳት፣ ሌላው ጎርፉ ያደረገውን ለማየት።

የድንጋይ ግንብ ላይ ቱንቢው ሥራውን ይሥራ። ከአናቱ አውርዱትና በየግማሽ ሜትሩ ከክሩ እስከ ድንጋዩ ያለውን ለኩ። ሆዱ ወደ ፊት ከወጣ ከኋላ ውኃ ታስሯል፤ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳዎቹን በዚያው ፌሮ ወግታችሁ ክፈቱ። አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ ውኃው ጭቃ ይዞ ሲወጣ ታያላችሁ።

መድረሻ መሣሪያዎች ላይ ያለኝ ምክር በቀላሉ ጀምሩ የሚል ነው። መሰላል አራት ሜትር ከፍታ ላይ የሚደገፍ ከሆነ እግሩ አንድ ሜትር ይራቅ። ከዚያ በላይ እስካፎልድ፣ ጀልባ፣ በገመድ የሚወርድ የሠለጠነ ሰው ይመጣሉ። ረጃጅም ድልድዮች ላይ፣ ለምሳሌ በዓባይ በረሃ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል እንዳለው 303 ሜትር ርዝመት ባለው ድልድይ ዓይነት ላይ፣ ከወለሉ ላይ ቆሞ ክንዱን ከመደገፊያው አሻግሮ ወደ ሥር የሚያጥፍ፣ ስኑፐር የሚባል መኪና ያስፈልጋል። ይህን ከመከራየታችሁ በፊት አራት ነገር አረጋግጡ፦ ክንዱ ሲዘረጋ በአንድ ጎን ጎማዎች ላይ የሚያርፈውን ክብደት ድልድዩ ይችለዋል ወይ? የእግረኛው መንገድ ስፋትና የመደገፊያው ከፍታ ክንዱን ያሳልፈዋል ወይ? በአካባቢው የኤሌክትሪክ መስመር አለ ወይ? አምራቹ የወሰነው የንፋስ ፍጥነት ስንት ነው? የደከመ ድልድይ ሊፈትሽ የወጣ መኪና ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ድሮን ጥሩ አጋዥ ነው፤ እጅን የት መላክ እንዳለባችሁ ያሳያል። አያንኳኳም፣ አይቦርሽም፣ ከዝገት ሥር ያለውን አያይም። በሜምፊስ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ያለው የአይ 40 ድልድይ በሜይ 2021 በድንገት የተዘጋው ዋና ማሰሪያው ላይ ትልቅ ስንጥቅ ተገኝቶበት ነው። ስንጥቁ ድልድዩ ከመዘጋቱ ከሁለት ዓመት በፊት በድሮን በተቀረጸ ምስል ላይ ነበር። ምስሉ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ቁጭ ብሎ ያስተዋለው ሰው ግን አልተገኘም።

ለአርማታ የሚያገለግሉ መለኪያዎችን ባጭሩ ላንሳ። ፌሮ ፈላጊው ፌሮው ከላዩ ስንት ሚሊ ሜትር አርማታ እንደለበሰ ይናገራል። አዲስ በተሰበረ አርማታ ላይ ፊኖልፍታሊን የሚባለው ፈሳሽ ሲረጭ ጤነኛው ሐምራዊ ይሆናል፤ ቀለም ያልያዘው ንብርብር ፌሮውን ከዝገት መጠበቅ ያቆመው ነው። የፌሮውን የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ የሚለካው የመዳብ ሰልፌት ኤሌክትሮድ ከ−350 ሚሊ ቮልት በታች ካሳየ ፌሮው የመዛጉ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው፤ ከ−200 በላይ ካሳየ ዝገት ያለመኖሩ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው። ሽሚት መዶሻ (አርማታ ላይ ተመትቶ በሚነጥርበት መጠን የሚለካ መሣሪያ) ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። እሱ የሚለካው የገጽ ጥንካሬን ነው፤ ያረጀ አርማታ ገጹ ስለሚደድር ከእውነቱ በላይ ያነብባል። በአንድ ቦታ 10 ጊዜ ምቱ፤ ከአማካዩ ከ6 በላይ የሚርቀውን ጣሉ፤ የተጣሉት ከሁለት ከበለጡ ሙሉውን ሰርዛችሁ ቦታ ቀይሩ።

ደህንነት ላይ አልደራደርም። ማንም ብቻውን አይውረድ። ውስጡ ክፍት በሆነ የሣጥን ገርደር ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አየሩን ለኩ፤ ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ አይገባም። ሰማዩ እናንተ ጋ ጠርቶ ሳለ ከላይ ደጋው ላይ ደመና ካለ ከወንዙ ውጡ፤ ደራሽ ጎርፍ አያስጠነቅቅም። የንብ ቀፎና እባብ ከሥር መኖራቸውን በሩቁ በባትሪ አይታችሁ ግቡ።

አሁን ወደ ጽሑፉ። «ገርደሩ ተሰነጣጥቋል» የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ስፓን 2፣ ገርደር 3፣ ከምሰሶ 1 በ1.20 ሜትር ርቀት፣ ወንዙ በሚመጣበት ጎን፤ በ45 ዲግሪ ያጋደለ ስንጥቅ፣ ርዝመት 65 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋት 0.4 ሚሊ ሜትር፤ ጫፎቹ በቀለም ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ መኪና ሲያልፍ አይከፈትም፤ ፎቶ 17 እና 18»። ቁጥሩ ሁልጊዜ የመንገዱ ኪሎ ሜትር በሚጨምርበት አቅጣጫ ይጀምር። ፎቶው አንዱ ከሩቅ፣ ሌላው ሜትር ተይዞበት ከቅርብ ይነሣ።

መጻፍ ብቻ ግን ድልድይ አያቆምም። በፒትስበርግ የፈርን ሆሎው ድልድይ በጃንዋሪ 28 ቀን 2022 ሲወድቅ እግሮቹ በዝገት መበላታቸው፣ የውኃ መውረጃዎቹም መደፈናቸው በተደጋጋሚ የፍተሻ ሪፖርቶች ተጽፎ ነበር። የሞተ ሰው አለመኖሩ ዕድል ነው። ፈታሾቹ አይተዋል፤ ጽፈዋልም፤ የተደፈነውን ቀዳዳ የሚከፍት አካፋ ግን አልተላከም። ለዚህ ነው በእያንዳንዱ ሪፖርት የመጀመሪያ ገጽ ላይ ካለፈው ፍተሻ ያልተሠሩ ጥገናዎች ከነቀናቸው እንዲሰፍሩ የምለምነው።

ከድልድዩ ሳትወርዱ መደወል ያለባችሁ ጉድለቶችም አሉ። መኪና ሲያልፍ የሚከፈት የሸር ስንጥቅ፣ ከሥሩ የተቦረቦረ መሠረት፣ ከማረፊያው ሊወጣ የደረሰ ገርደር፣ ፒን የጎደለው ቤይሊ። በዚያ ጊዜ መጀመሪያ ከባድ መኪናዎችን አስቁሙ፤ በሁለቱም ጫፍ ሰው ከነባንዲራው ይቁም። ቀጥሎ መንገድ የመዝጋት ሥልጣን ላለው ኃላፊ ደውሉና ድልድዩን በኪሎ ሜትሩ፣ ጉድለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት፤ የደወላችሁበትን ሰዓትና የመለሰላችሁን ጻፉ። ፎቶውን እዚያው ላኩ። ያ ስልክ ቁጥር ከቢሮ ስትወጡ ቅጹ ላይ ተጽፎ ይሁን፤ በብዙ ድልድዮቻችን ሥር ኔትወርክ ስለሌለም አንዱ የቡድኑ አባል መኪናውን ይዞ ኔትወርክ ያለበት ከፍታ ድረስ ይሂድ። የቀራችሁት የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ እስኪረከባችሁ ከቦታው አትነሱ።